ብዙ የሚጮኸውን ሳይሆን የምታዳምጡትን ምረጡ፦ ስለ ሲ ኮድ መመርመሪያዎች

በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የሚጽፍ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ኮዱን ገና ሳያስሮጠው ስህተት የሚፈልግለትን መሣሪያ ከየትኛው ይምረጥ? ሲፒፒቼክ አለ፣ ክላንግ-ታይዲ አለ፣ የጂሲሲ የራሱ አናላይዘር አለ፣ ኢንፈር አለ፣ የሚከፈልባቸውም አሉ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ ሠንጠረዥ ነው፤ የትኛው መሣሪያ ስንት ዓይነት ስህተት እንደሚያውቅ ይቆጠርበታል። እኔ ግን ቆጠራው አያዋጣም ባይ ነኝ። የአማርኛ ሶፍትዌር ላይ የምንሠራ ሰዎች አብዛኞቻችን ኮድ የምንነካው ከመደበኛ ሥራ በኋላ፣ ማታ ነው። ስለዚህ መምረጥ ያለብን ብዙ የሚናገረውን ሳይሆን የሚናገረውን እስከ መጨረሻ የምናነብለትን ነው።

ነገሩ የጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኪቦርድ የምትጽፉትን ሁሉ ያያል፤ የባንክ የይለፍ ቃልም፣ አገር ቤት ለእናታችሁ የምትልኩትም መልእክት በእሱ በኩል ያልፋል። በሊኑክስ ላይ አማርኛ ከሚጻፍባቸው መንገዶች አንዱ የሆነው ኤም17ኤን ላይብረሪ የተጻፈው በሲ ነው። ሲ ደግሞ ፕሮግራሙ ከተፈቀደለት ሜሞሪ ወሰን አልፎ ቢያነብ ወይም ቢጽፍ በራሱ አያስቆመውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለዚህ ቋንቋ የተነገረ ይመስላል።

በእንግሊዝኛ የማይታይ ስህተት

አንድ የእኛን ፊደል የሚነካ ስህተት እንመልከት። በዩቲኤፍ-8 «ሀ» የምትቀመጠው በሦስት ባይት ነው፤ የመጀመሪያው ባይት ዋጋ 225 ነው። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ኮምፒውተሮች ላይ የሲ «ቻር» ብዙውን ጊዜ አሉታዊ ቁጥርም ይይዛል፤ ስለዚህ ያ 225 ሲነበብ −31 ይሆናል። ፕሮግራመሩ ይህንን ቁጥር የአንድ ሠንጠረዥ መግቢያ ቢያደርገው፣ ፕሮግራሙ ከሠንጠረዡ መጀመሪያ በፊት ያለውን ሜሞሪ ያነባል። የእንግሊዝኛ ፊደላት ዋጋ ግን ሁሉም ከ128 በታች ስለሆነ አሉታዊ አይሆንም። ኮዱን የጻፈው ሰው በእንግሊዝኛ አንድ ሺህ ጊዜ ቢሞክረው አንድም ችግር አያይም። ይባስ ብሎ በኤአርኤም ላይ በሚሠራ ሊኑክስ «ቻር» በልማድ አሉታዊ አይሆንም። ያው ኮድ በትንሿ ራስበሪ ፓይ ላይ በደህና ሠርቶ ላፕቶፕ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ይህንን ለመያዝ ምን ዓይነት ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል? ምንም። ጂሲሲም ክላንግም «ዎል» በሚባለው የማስጠንቀቂያ አማራጭ ሥር «ቻርን የሠንጠረዥ መግቢያ አድርገሃል» ብለው ይነግሯችኋል። እሴቱ መጀመሪያ ወደ ሙሉ ቁጥር ተቀይሮ ከሆነ ኮምፓይለሩ ዝም ሊል ይችላል፤ ያኔ ክላንግ-ታይዲ ለዚሁ የተዘጋጀ ምርመራ አለው። ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይነሳል፦ መጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን ኮምፓይለር፣ ቀጥሎ ክላንግ-ታይዲን።

ጩኸት ሲበዛ

ኮቨሪቲ የተባለውን የንግድ መሣሪያ የሠሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ ከደንበኞቻቸው የተማሩትን ዘርዝረዋል። የሐሰት ማስጠንቀቂያው ከ30 በመቶ ሲያልፍ ሰዎች መሣሪያውን ችላ ማለት ይጀምራሉ ይላሉ። እውነተኛው ስህተት በሐሰተኞቹ መካከል ተቀብሮ ይቀራል። «ጅብ መጣ» እያለ የሚቀልደው እረኛ የደረሰበትን ሁላችንም እናውቃለን።

ችላ ከማለት የከፋም አለ፤ ሳይረዱ ዝም ማሰኘት። እ.ኤ.አ. በ2006 የደቢያን ኦፕንኤስኤስኤል ፓኬጅ ላይ ፕሮግራምን እያስሮጡ የሚመረምሩ መሣሪያዎች ስላስጠነቀቁ ኮድ ተቀነሰ። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፤ ከእሱ ጋር ግን የምስጢር ቁልፎች የሚፈጠሩበት የዘፈቀደ ምንጭም አብሮ ጠፋ። የቀረው የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሲሆን እሱም ከ32,768 በላይ አማራጭ አልነበረውም። ነገሩ የታወቀው በግንቦት 2008 ነው። መሣሪያዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ የጎደለው መልሳቸውን በጥሞና የሚያነብ ነው።

ታዲያ የትኛው?

በዚህ ሚዛን ስመዝናቸው እንዲህ አያቸዋለሁ። ሲፒፒቼክ የሐሰት ማስጠንቀቂያን መቀነስ ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ የተነሳ ነው፤ ኮዱ ኮምፓይል መደረግም የለበትም። የቆየና የተዝረከረከ ፕሮጀክት ለተረከበ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። የክላንግ ስታቲክ አናላይዘር ወደ ስህተቱ የሚያደርሰውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ስለሚያሳይ ለሚማር ሰው ይጠቅማል። ጂሲሲ ከ10ኛው እትሙ፣ ከ2020 ጀምሮ የራሱን አናላይዘር ይዞ መጥቷል፤ ለሲ ኮድ እንጂ ለሲ ፕላስ ፕላስ አልመክረውም። ፌስቡክ በ2015 ለሕዝብ የለቀቀው ኢንፈር ከአንዱ ፋንክሽን ወደ ሌላው የሚያልፉ ስህተቶችን ለመከታተል የተሠራ ነው፤ አተካከሉ ግን ለትንሽ ፕሮጀክት ከበድ ይላል። ፍራማ-ሲ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ስህተት ከመፈለግ አልፎ ስህተት አለመኖሩን እስከ ማረጋገጥ ይሄዳል፤ በምላሹም ኮዱ ምን ማድረግ እንዳለበት በሒሳብ ቋንቋ እንድትጽፉለት ይጠይቃል። ሁለት መቶ መስመር ላላት ወሳኝ ክፍል ልፋቱ ይክሳል፤ ለሙሉ ፕሮግራም ግን ማታ ማታ የሚሠራ ሰው አይችለውም።

«ታዲያ ሁሉንም ብናስሮጥስ?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል። ግን የሁሉም ጩኸት ሲደመር የሚያነበው ያው አንድ ሰው ነው። ደግሞም ሁሉንም ማስሮጥ ሁሉንም መያዝ አይደለም። ሃርትብሊድ የተባለው ስህተት ከመጋቢት 2012 እስከ ሚያዝያ 2014 በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ተቀምጦ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሰርቨር ሜሞሪ ያፈስ ነበር። ኮቨሪቲ በወቅቱ አላገኘውም፤ ሊይዘው የሚችል ዘዴ የጨመረው ስህተቱ ይፋ ከሆነ በኋላ ነው።

ሌላው ክርክር «ሲን ትታችሁ በረስት ጻፉ» የሚለው ነው። አዲስ ለሚጀመር ፕሮጀክት እስማማለሁ። የቆየው ኮድ ግን ዛሬም በሰው ኮምፒውተር ላይ እየሠራ ነው፤ አንድ ሰው ሊጠብቀው ይገባል።

የማይተኩት ነገር

መሣሪያዎቹ የማይነግሯችሁም አለ። 32 ባይት የሚይዝ በፈር መጨረሻው ዜሮ ሲቀነስ 31 ባይት ይቀረዋል፤ አሥር የአማርኛ ፊደል በ30 ባይት ይገባል፣ አሥራ አንደኛው ከአንድ ባይት በኋላ ይቆረጣል። የሜሞሪ ወሰን አልተጣሰምና መርማሪው ዝም ይላል፤ በስክሪን ላይ ግን የሰው ስም መጨረሻ ላይ የማይነበብ ምልክት ይወጣል። ይህንን የሚይዘው ራሳችሁ የምትጽፉት ፈተና ነው፦ ረጅም የአማርኛ ስም፣ «፡»ና «።»፣ የተቆረጠ ፊደል። ፈተናውንም አድረስ ሳኒታይዘር ከሚባለው የኮምፓይለር አማራጭ ጋር አስሮጡት፤ ሲሮጥ ብቻ የሚታየውን የሜሞሪ ስህተት ያወጣላችኋል።

የእኔ ምክር አጭር ነው። የኮምፓይለሩን ማስጠንቀቂያ ክፈቱና ወደ ዜሮ አውርዱት። ከዚያ አንድ መሣሪያ ብቻ ጨምሩ። የቆየው ኮድ የሚያወጣው ዝርዝር ካስደነገጣችሁ፣ ክላንግ-ታይዲ የተቀየሩ መስመሮችን ብቻ የሚመረምርበት ስክሪፕት አለውና ከአዲሱ ኮድ ጀምሩ። አንድን ማስጠንቀቂያ ዝም ስታሰኙ ምክንያቱን እዚያው መስመር ላይ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ በአማርኛም ቢሆን። ምክንያቱን መጻፍ ካቃታችሁ ማስጠንቀቂያው ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ አትንኩት። ሁለተኛ መሣሪያ የምትጨምሩት የመጀመሪያውን መልስ በየሳምንቱ አንብባችሁ መጨረስ ስትችሉ ነው።