ፍሬን እምቢ አይልም

የትራፊክ አደጋ ዜና ላይ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፦ «ፍሬን እምቢ ብሎት»። ባለንብረቱም ሹፌሩም መካኒኩም ከጀርባዋ ይጠለላሉ። ፍሬን ግን ነፍስ የለውም፤ እምቢ አይልም። እምቢ ያለው «ቱቦውን ቀይር» ሲባል «ትንሽ ይሥራልኝ» ያለው ሰው ነው።

የመኪና ወዳጆች በበኩላቸው ሌላ ክርክር ይዘዋል፦ የፍሬን ዘይት መስመር ብረት ይሁን ወይስ ሽቦ የተጠለፈበት ተጣጣፊ? ጥያቄው ከሥሩ ስህተት ነው። ሁለቱ የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

ከፔዳሉ ተነስቶ በሻንሲው ላይ የሚሄደው መስመር ቦታውን አይለቅም፤ ስለዚህ ብረት ይሁን። ብረት በግፊት አያብጥም፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ዝገቱም በዓይን ይታያል። ጎማው ግን ከሞላው ጋር ይወጣል ይወርዳል፣ የፊተኛው ደግሞ ከመሪው ጋር ይዞራል። እዚያ ብረት ብቻ ከታሰረ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ያቺ የመጨረሻ አጭር ክፍል ተጣጣፊ መሆን አለባት።

ለእሷ ሽቦ የለበሰው ከተራው ላስቲክ ያነሰ ያብጣል፤ ፔዳሉም ጠንከር ይላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን «የውድድር መኪና ዕቃ ነው» ተብሎ መስመሩን በሙሉ በእሱ መተካት ብር መበተን ነው። ሽቦው የውስጡን ቱቦ ስለሚሸፍን ጉዳቱ አይታይም፤ አሸዋ ከገባበትም ቱቦውን እየፈገፈገ ይበላዋል።

ገዳዩ ግን ሦስተኛው «ምርጫ» ነው፦ የተገኘውን የመዳብ ቱቦ መቀጠል፣ ወይም የሚያፈሰውን መስመር ቀጥቅጦ ደፍኖ መኪናውን በሦስት ጎማ ፍሬን መልቀቅ። መዳብ በንዝረት ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እንዲህ የተጠገነ ሚኒባስ ሜዳ ላይ ይቆም ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ግን ፔዳሉ በየመታጠፊያው ይረገጣል፤ ግፊቱም ደካማዋን መገጣጠሚያ ፈልጎ ያገኛታል። ዋጋውን የሚከፍለው ስለ ቱቦው ምንም የማያውቀው ተሳፋሪ ነው።

«መለዋወጫ ተወደደ» ይባላል። ተወዷል። ለድምፅ ማጉያና ለወንበር ልብስ ብር የሚያገኝ ባለንብረት ግን ለቱቦ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ለቦሎ የሚመረመር መኪና ከፍ ይበል፤ አንዱ ፔዳሉን አጥብቆ ይርገጥ፣ ሌላው ከሥር ሆኖ ቱቦው ማበጡን፣ ማፍሰሱን፣ መቀጠሉን ይይ። ያበጠና የተቀጠለ አይለፍ። ዜናውም እውነቱን ይናገር፦ ፍሬኑ እምቢ አላለም፤ ቱቦው አልተቀየረም።