የልጆቻችሁን ጥርስ ታውቁታላችሁ?



ባለፈው ሰሞን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወደሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ለቡና ተጠርቼ ነበር። ግቢያቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ አይርቅም፤ ወደ መርካቶ የሚገቡት የጭነት መኪናዎች ጡሩንባ እስከ ጓዳ ይሰማል። እማማ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ቶናው ሲቀዳ ከአልጋቸው ሥር ሣጥን ስበው አንድ አረንጓዴ ሹራብ አወጡ። ግራ እጅጌው አልተሠራም። በ1970 ዓ.ም. «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ ለቀረው ልጃቸው የጀመሩት ነው። «ኳስ ሲጫወት የተሰበረች ክንዱን ብርድ ይነካት ነበርና ያችን እጅጌ ወፈር ላደርጋት ክር ስፈልግ ነው የቀረሁት» አሉኝ። ስለዚያች ክንድ የጠየቀዎት ሰው አለ ወይ? ብላቸው፣ «ማን ሰው ይጠይቀኛል፣ ልጄ?» አሉ።

ይህ መልስ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በዚህች ከተማ የወጣቶች አስከሬን በየመንገዱ ተጥሎ፣ ወረቀት ተለጥፎበት ይታይ ነበር። እሱስ ተገኘ። ብዙው ግን ስምም ምልክትም ሳይኖረው በጅምላ ጉድጓድ ተቀበረ። እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀሷ እንኳ ያስጠይቃት ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ይህን ወንጀል የሚመረምር የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በሕግ ሰዎቹ እጅ የገባው ትልቁ ማስረጃ ወረቀት ነው። ገዳዮቹ ሥራቸውን በደብዳቤና በቃለ ጉባኤ የሚሠሩ ነበሩና፣ «አብዮታዊ እርምጃ» የሚለው ቃል ከነስም ዝርዝሩ በየመዝገብ ቤቱ ተገኘ። ስሙ አለ፤ ሰውየው የት እንደ ተጣለ ግን ወረቀቱ ሁልጊዜ አይናገርም።

አጥንት የሚያነቡት ሰዎች ከሩቅ መጡ። በልዩ ዐቃቤ ሕጉ ጥሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን አዲስ አበባ ገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ሜይ ዴይ ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ብዙ ወጣቶች ተጨፈጨፉ። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 22 ቀን፣ በቡዌኖስ አይረስ ጥቂት እናቶች ወታደራዊው መንግሥት የሰወረባቸውን ልጆቻቸውን ፍለጋ በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰቡ። ኋላም መለያ እንዲሆናቸው የሕፃን ጨርቅ በራሳቸው ላይ አሠሩ። የነሱና የመሰሎቻቸው ጩኸት ነው በ1976 ዓ.ም. ያንን ቡድን ያስወለደው፤ አባላቱ ገና ተማሪዎች ነበሩ፤ ሥራውን ያስተማራቸውም አሜሪካዊው ሊቅ ክላይድ ስኖው ነው። እኛ አንገታችንን ደፍተን ስናለቅስ እነዚያ አደባባይ መውጣታቸው ያስቀናኛል፤ ግን እዚህ ማን ሊያስወጣን?

እንግዲህ መርማሪዎቹን አስቧቸው። አንዱ አማርኛ አያውቅም፤ አፈር በብሩሽ ሲጠርግ ይውላል። ሌላው የሕግ አንቀጽ ያገላብጣል፤ የዳሌ አጥንት ከጭን አጥንት መለየት ሥራው አይደለም። አንዱ ስም ይዞ አካል ያጣ፣ ሌላው አካል ይዞ ስም ያጣ ነው። በኮተቤ ከተቆፈሩት አፅሞች አንገት ላይ የናይሎን ገመድ እንደ ታሰረ ተገኝቷል። ገመዱ እንዴት እንደ ሞቱ ተናገረ፤ የማን ልጆች እንደ ሆኑ ግን አልተናገረም።

ያንን የሚናገር ሦስተኛ መርማሪ ያስፈልጋል። እርሷም ፊደል ያልቆጠረች እናት ልትሆን ትችላለች። የዳሌ አጥንት ወንድና ሴትን ይለያል፤ ጥርስ ዕድሜን ይጠቁማል፤ ከጭን አጥንት ርዝመት ቁመት ይገመታል። ይህ ሁሉ ግን «ሃያ ዓመት የሚሆነው ረዘም ያለ ወንድ» ከማለት አያልፍም። እንዲህ ያለው ስንት ነው! ተሰብሮ የተጠገነ አጥንት፣ የጎደለ ጥርስ፣ በዚያን ቀን የተለበሰ ልብስ ሲታወቅ ነው አፅሙ ስም የሚያገኘው። የዘር ምርመራውም ቢሆን ወደ እናት ያዘነብላል፤ ከዲ.ኤን.ኤ. ዓይነቶች አንዱ ከእናት ብቻ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በመሆኑ የእናት፣ የእኅት፣ የአክስትም ደም ይመሰክራል።

ፍርዱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ተሰጥቷል፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በሌሉበት ጥፋተኛ ተብለዋል። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያያችሁ፣ አፅሙንና ልብሱን በመስተዋት ውስጥ አይታችኋል። ፎቶግራፉም ግድግዳውን ሞልቶታል። የትኛው ፊት የትኛው አፅም እንደ ሆነ የሚያውቁት እናቶች ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ስለዚህ እናት ወይም አያት ያላችሁ፣ ደብተር ይዛችሁ ቁጭ በሉ። «የልጅሽ መልክ ምን ይመስል ነበር?» አትበሉ፤ ለእናት ሁሉም ልጅ ቆንጆ ነው። የትኛው ጥርሱ ተነቀለ፣ የት ተሰበረ፣ በየትኛው እጁ ይበላ ነበር፣ የመጨረሻ ቀን ምን ለበሰ በሏቸው። የራሳችሁንም ልጆች ጻፉ። ዛሬ በበረሃና በባሕር የሚሰደደው ወጣት ስንቱ ነው? የጥርስ ሐኪም ካርድ ካለ አትጣሉት፤ ጥርሱን አሳይቶ የሳቀበትንም ፎቶግራፍ አስቀምጡ።

እኔም የእማማን ጻፍኩ። የቀኝ ክንድ ይሁን የግራ አልኳቸው፤ የግራ ነው። ዕድሜው ያኔ ዐሥራ ስድስት ነበር። ጽፌ ጨርሼ ነጠላዬን ስለብስ ከበሩ መለሱኝ። «ሸሚዙ ነጭ ነው አልኩሽ አይደል? ሁለተኛዋ ቁልፍ ግን ጥቁር ናት። ነጭ አጥቼ በዚያው ጠዋት እኔ ነኝ የተከልኩለት፤ በቀይ ክር። እሱንም ጻፊው።»