ጨዋታ ፈተና ሲሆን

ባለፈው እሑድ አንድ ወዳጄ ቤት ሄጄ ነበር። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ማንኪያዎችን ባዶ ድስት ውስጥ ይከታል፤ ይገለብጣል፤ መልሶ ይከታል። አባት አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ማሙሽ፣ ይኼ ምንድን ነው? ስንት ናቸው? በእንግሊዝኛስ?» እያለ ያጣድፈው ጀመር። እናት ከጓዳ ሆና «ንገረው እንጂ! ትናንት ብለኸው አልነበር?» አለች። ልጁ ማንኪያውን ጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የአንድ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። እኛ ወላጆች ጨዋታን የመግቢያ ፈተና አድርገነዋል። መልሱን የምናውቀውን እንጠይቃለን፤ ሕፃኑ በጣቱ እያመለከተ የሚያወጋንን ግን አንሰማም።

«ካልጠየቅነው በምን ይማራል?» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ስሕተት ነው። ማይክል ቶማሴሎና ጄፍሪ ፋራር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሕፃናት አስቀድመው ዐይናቸውን የጣሉበትን ነገር ስም ሲሰሙ ቃሉን በተሻለ ይይዛሉ፤ ትኩረታቸውን ወደ ሌላ ነገር ለመሳብ ሲባል የሚነገራቸውን ግን ያን ያህል አይይዙም። እንግዲያው የወላጅ ድርሻ የልጁን ዐይን ተከትሎ ቃል ማቀበል ነው። «ገባች! ይኸው ተገለበጠ! አንዷ ከሶፋው ሥር ሄደች!» ማለት ምን ያስቸግራል?

ይህን እኮ የማናውቅ ሰዎች አልነበርንም። በኩኩሉ ጨዋታ መንጋቱን የሚወስነው የተደበቀው ልጅ ነው፤ ፈላጊው እስኪፈቀድለት ይጠብቃል። እሽኮኮ የተባለ ሕፃን መንገዱን በጣቱ ያዛል፤ አባትም ይታዘዛል። አበው «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፤ አንዱ ብስል፣ አንዱ ጥሬ» ብለዋል። እኛ ብስሉን ብቻ ለመልቀም ስንጣደፍ ጥሬውን እየረገጥን ነው። ያልበሰለ ቃሉን የሚሰማለት ያጣ ልጅ፣ የበሰለውን ለማን ብሎ ያመጣል?

የዚያን ዕለት የልጁ አያት ከመደባቸው ወርደው አንዲት ማንኪያ አነሡና ድስቱ ውስጥ ጣል አድርገው «ቃጭ!» አሉ። ልጁ ዞረ። ሌላ ማንኪያ አቀበላቸው። ጥቂት ቆይቶም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እርሱ ራሱ «ቃጭ!» አለ።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችን ለፈተና ገና ብዙ ዓመት አላቸው። ዛሬ የሚሹት የጨዋታ ጓደኛ ነው።