የአዋቂው ጽናት የዝርያው ጽናት ነውን?

ኦዶንታስተር ቫሊደስ በአንታርክቲካ ዳርቻ፣ እምብዛም ጥልቀት በሌለው የባሕር ወለል ላይ በብዛት የሚገኝ የባሕር ኮከብ ነው። ቫሊደስ የሚለው የላቲን ቃል «ብርቱ» ማለት ሲሆን፣ እንስሳው በጥናት ጽሑፎች ውስጥም ለስሙ የሚመጥን ዝና አግኝቷል። ሎይድ ፔክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የተገለበጠ ኮከብ እስከ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ራሱን ማቃናት፣ እስከ 6 ዲግሪ ደግሞ መመገብ እንደሚችል አሳይተዋል። የማክመርዶ ሰርጥ ውኃ ለአብዛኛው ዓመት ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ በእርግጥ ሰፊ ክልል ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ዝርያው ሙቀትን ይቋቋማል» ማለት ግን ችኮላ ነው። የተለካው አዋቂው ነውና። ኮከቡ በክረምት እንቁላሉንና የወንዴ ዘሩን ወደ ውኃ ይለቃል፤ የሚፈለፈለው እጭም ምግቡን ራሱ እየፈለገ ለወራት ይንሳፈፋል። (የዋልታ እንስሳት ልጆቻቸውን ታቅፈው ያሳድጋሉ የሚለው የቆየ አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።) በባሕር እንስሳት ዘንድ ጽንስና እጭ ከአዋቂው ይልቅ በሙቀት ለውጥ መጎዳታቸው የተለመደ ነው። የከፋው ችግር ደግሞ ኮከቡ እጅግ በዝግታ የሚያድግና ረጅም ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። ለተከታታይ ዓመታት አንድም እጭ ወደ ወለሉ ባይደርስ እንኳ፣ የአዋቂዎቹ ብዛት ለረጅም ጊዜ ምንም እንዳልተፈጠረ ሊያስመስል ይችላል።

ጉዳዩ የአንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ፖል ዴይተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 እንደገለጹት፣ በማክመርዶ ስፖንጅ የሚበላውን ትልቁን የባሕር ኮከብ አኮዶንታስተርን ከሚያጠቁት አንዱ ይኸው ኦዶንታስተር ነው። አንዱ ሲጀምር ሌሎቹ ተሰብስበው ይከምሩበታል። ትንሹ ትልቁን በመብላቱ ስፖንጆቹ ይተርፋሉ። ከዚያው ባሕር የሲል እንስሳትን ኩስ ሳይቀር የሚለቅም ፍጡር ይህን ያህል ድርሻ ይኖረዋል ብሎ የሚጠብቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ የሙቀት መቻልን የሚዘግብ ጽሑፍ፣ የተፈተነው የትኛው የሕይወት ደረጃ እንደሆነና ለስንት ቀን እንደተፈተነ በርእሱ ወይም በአጠቃሎው ሊገልጽ ይገባል። በባሕር ወለል ላይ የሚደረገው ቆጠራም ቁጥር ብቻ ከሚሆን፣ የየኮከቡ የክንድ ርዝመት አብሮ ቢመዘገብ ይሻላል። የጠላቂው የውኃ ውስጥ ቆይታ ጥቂት ደቂቃ ይረዝማል፤ ትንንሾቹ መጥፋታቸው ግን አዋቂዎቹ አርጅተው ሳያልቁ ይታወቃል።