የሥነ ልቡና ዲግሪ ስንት ያወጣል?

“ሥነ ልቡና ተምራችሁ ምን ልትበሉ ነው?” ይህን ጥያቄ በቤቱም ሆነ በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ጠያቂውም ወዲያው ቶጎ ውጫሌ ላይ ሱቅ ከፍቶ ያለፈለትን የአክስቱን ልጅ ይጠቅስልናል። እኛም አንቆጣም፤ የእንጀራ ነገር አያሳፍርምና። ይልቅስ አስቀድመን ሒሳቡን እንሥራ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በሕጉ መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ዋጋ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 እጅ ተማሪው ይችላል። ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ ይቆረጥበታል። መኝታውንና ትምህርቱን ትተን ምግቡን ብቻ እናስላ። በቀን 22 ብር የነበረው የአንድ ተማሪ ቀለብ በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ሆኗል። በዓመት 10 ወር፣ ለ4 ዓመት ሲታሰብ፣ ዱሮ 26,400 ብር ይሆን የነበረው ዛሬ 120,000 ብር ይሆናል። ገበያው መወደዱን እናውቃለንና በቀለቡ መጨመር አናጉረመርምም።

አሁን ደግሞ ወደ ገቢው እንለፍ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ የሥራ ግብር 2,100፣ ጡረታ 805፣ ዕዳው 1,150 ብር ሲነሣ 7,445 ብር ይቀራል። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ለእናትና ለታናናሾች የሚላከው ሁሉ ከዚህች ገንዘብ ነው። በዚህ አኳኋን የምግቡ ዕዳ ብቻ ተከፍሎ የሚያልቀው ከ8 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ነው።

ይህም ሥራ ላገኘው ነው! ላላገኘውስ? ሕጉ ደመወዝ እስኪገኝ ይታገሣል፤ ወረቀቱ ግን አይታገሥም። ምሩቁ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ አስቀድሞ ዕዳህን ክፈል ይባላል። ወረቀት ስለሌለው ሥራ አያገኝም፤ ሥራ ስለሌለው ወረቀቱን አያወጣም። የባለዕዳውን እጅ አስሮ “ሠርተህ ክፈል” ማለት ከዚህ በምን ይለያል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን “ዕዳው ጨርሶ ይሰረዝ” ይላሉ። በዚህ አንስማማም። የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ ረግጠው የማያውቁት የፋፈን አርብቶ አደርና የጎጃም ገበሬ ለእኛ ትምህርት ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ብድራቸውን የመመለስ ግዴታ አለብን። ሌሎች ደግሞ “እንጀራ የማያበላ ትምህርት ክፍል ይዘጋ” ይላሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። በ2010 ዓ.ም. በሶማሌና በኦሮሚያ ወሰን በተነሣው ግጭት የተፈናቀሉት ብዙ ሺህ ሰዎች ቆሎጂ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ጅጅጋ ራሷ በእሳትና በዝርፊያ ታመሰች። በቀብሪበያህ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የስደተኞች መጠለያ አለ፤ እዚያ ተወልደው ለአካለ መጠን የደረሱ አሉ። ታዲያ የእነዚህን ሰዎች የልብ ቁስል የሚያዳምጥ ማን ነው? እኛ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንማራለን፤ የቆሎጂ እናት ግን የምታዝነው በሶማልኛ ነው። እዚሁ የተወለደው ተማሪ ቋንቋውን ይዞ መጥቷል፤ ከደጋ በምደባ የመጣነውም አራት ዓመት ሙሉ ሳንማረው ብንመለስ ጥፋቱ የእኛ ነው። እንግዲህ የጠፋው ሥራው አይደለም፤ የሥራ መደቡ ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፤ ዕዳው በአገልግሎት ይከፈል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየወረዱ፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር። የዛሬውም የወጪ መጋራት ሕግ ለመምህርነት የሚሠለጥኑት ዕዳቸውን በአገልግሎት እንዲከፍሉ በር ከፍቷል። ለመምህር የተከፈተው በር ለአማካሪ ለምን ይዘጋል? በቶጎ ውጫሌ፣ በአውበሬ፣ በቀብሪበያህ ባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የሥነ ልቡና ምሩቅ ይመደብ፤ አንድ ዓመት ያገለገለ የአንድ ዓመት ዕዳው ይፋቅለት፤ ወረቀቱም ሥራውን በጀመረበት ቀን ይሰጠው።

“ይህ ነፃ ጉልበት መበዝበዝ ነው” የሚል ቢኖር እኛም ነፃ ጉልበት አላልንም። የሚያኖር አበል ይኑር እንላለን። “ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ የሰው አእምሮ ያበላሻል” የሚሉ መምህራን ቢኖሩ፣ ስጋታቸው እውነት አለው። የመጀመሪያ ዲግሪ ሐኪም አያደርግም። ስለዚህ መምህራኖቻችን በየጊዜው እየወረዱ ይቆጣጠሩን፤ ማዳመጥን፣ መምከርን፣ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለይተን ወደ ሆስፒታል መላክን ያስተምሩን።

ራሳችንንም እንውቀስ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና መጥቶብናልና ፎቶ ኮፒ ስናመነዥክ የምንከርም፣ ከግቢው አጥር ውጭ ያለውን ሰው ሳናናግር የምንመረቅ ብዙ ነን። እንዲህ ያለው ዲግሪ በርግጥም ብዙ አያወጣም። ጥያቄያችንን ለትምህርት ክፍሉና ለክልሉ መሥሪያ ቤቶች ከማቅረባችን በፊት ለአገልግሎቱ የሚበቃ ሰው ሆነን እንገኝ።

አባቶቻችን “ብድር በምድር” ይላሉ። እኛም የምንለምነው ብድራችንን በበላንባት ምድር ላይ ሠርተን እንድንመልስ ነው።