ከዲላ እስከ ባሕር ማዶ፣ ከነውሻው
የአዘጋጁ ማስታወሻ

ይህ እትም የሚመረምረው ወታደራዊ አታሼዎች፣ ማለትም በኤምባሲ ውስጥ የመከላከያ ጉዳዮችን የሚከታተሉ መኮንኖች፣ ከነቤተሰባቸው ሲመደቡ ውሻቸውን ወይም ድመታቸውን ይዘው ለመሄድ የሚያልፉበትን ሂደት ነው። ለሰላም ማስከበር የሚሰማራ ሠራዊት ቤተሰቡን ይዞ ስለማይዘምት ጉዳዩ የጥቂቶች ይመስላል፤ ይሁንና ከዲላና ከጌዴኦ ዞን ወረዳዎች ለትምህርትም ሆነ ለኑሮ ውሻውን ወይም ድመቱን ይዞ ባሕር የሚሻገር ሁሉ የሚጠየቀው ያንኑ ነው።

የነገሩ እምብርት የእብድ ውሻ በሽታ ሲሆን፣ ይህም በንክሻ ወደ ነርቭ የሚገባና ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ሊባል የሚችል ሕመም ነው። በሽታው ከኢትዮጵያ ስላልጠፋ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከአገሪቱ የሚመጣ ውሻ ወይም ድመት አስቀድሞ ማይክሮቺፕ፣ ማለትም ከቆዳ ሥር የሚቀበር የሩዝ ፍሬ የሚያህል መለያ፣ እንዲደረግለት፣ ቀጥሎ እንዲከተብ፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደሙ ተወስዶ እውቅና ባለው ላቦራቶሪ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መድረሱ እንዲረጋገጥ፣ ደሙ ከተወሰደበት ቀን አንሥቶም 3 ወር እንዲቆይ ያዝዛል። ክትባቱ መለያውን ከቀደመ ግን ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል።

በጌዴኦ ግቢ፣ በእንሰቱና በቡናው መሃል የሚያድር ውሻ ዘበኛ እንጂ መዝገብ ያለው እንስሳ አይደለም፤ ወረቀት አለመኖሩም ከትኬት ዋጋ የሚብስ እንቅፋት ነው። ስለዚህ ለጉዞ ያሰቡ አንባቢያን ቢያንስ ከ5 ወር በፊት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ እንዲጀምሩ አዘጋጁ ያሳስባል።