ደሙ አንትወርፕ፣ ሐኪሙ ኪንሻሳ

ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲነገር የብዙዎቻችን ጥያቄ «ስንት ሰው ሞተ?» የሚል ነበር። የእኔን ልብ የሳበው ግን ሌላ ነው። ናሙናው የተመረመረው እዚሁ፣ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቤተ ሙከራ ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የኮንጎውን ሐኪም የፕሮፌሰር ዣን ዣክ ሙዬምቤን የሥራ ዘመን ያየ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ያምቡኩ በምትባል የገጠር መንደር ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ መንግሥት የላካቸው እሳቸውን ነበር። ቤልጂየም ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ወጣት ሐኪም ነበሩ። ጓንት እንኳ የለም። በባዶ እጃቸው ደም ሲቀዱ፣ መርፌው የወጋው ቦታ መድማቱን አላቆም ብሎ ጣታቸው በደም ተነከረ። እጄን በውኃና በሳሙና መታጠቤ ነው ያተረፈኝ ይላሉ። የበሽተኞች ደም ግን ኪንሻሳ የሚመረምረው ስላልነበረ አንትወርፕ ድረስ በረረ። ኢቦላን አገኙ ተብሎ ስማቸው የገነነውም እዚያ ያሉት ናቸው። የሙዬምቤን ስም ማን አነሣ?

እ.ኤ.አ. በ1995 ኪክዊት ላይ በሽታው ሲመለስ፣ ከኢቦላ የዳኑ ሰዎችን ደም ለ8 ሕሙማን ሰጡ፤ 7ቱ ተረፉ። የውጭዎቹ ሊቃውንት ማነጻጸሪያ የለውም ብለው አጣጣሉት። እሺ፣ ልክ ናቸው እንበል። ሆኖም ከዚያው ከኪክዊት ከተረፈ ሰው ደም የተገኘው አንቲቦዲ ተሠርቶበት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ያጸደቀችው የኢቦላ መድኃኒት ሆነ። በምሥራቅ ኮንጎው ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ሙዬምቤ የደም ናሙና ከአገር እንዳይወጣ ወሰኑ፤ ማጥናት የፈለገ ኮንጎ ይምጣ።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ቤተ ሙከራው አለ እንበል፤ ሰውስ? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዙ አላኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ «ሐኪም እንዴት ያድማል?» ያሉ ነበሩ። ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ በማርበርግ ከሞቱት መካከል የጤና ባለሙያዎች ተገኙ። ተላላፊ በሽታ ደግሞ እንደ ሌላው ስፔሻሊቲ የግል ክሊኒክ ተከፍቶ የሚከበርበት ሙያ አይደለም። በሽተኛው ብዙ ጊዜ ድሃ ነው፣ ሥራውም የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ስለዚህ ከመንግሥት በቀር የሚከፍለው የለም። እኔ በበኩሌ የሚቀጥለው በጀት ሲወጣ ፈልጌ የማየው ለእነዚህ ሰዎች የተጋላጭነት አበል መያዝ አለመያዙን ነው።